ሁለቱንም ወገን የሚጫወተው ሰው

ረጀብ ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ ቆሞ ሸሚዝ ሲተኩስ ውሎ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሱቁን ዘጋ። ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ የራሱ አይመስለውም ነበር። ቢሆንም ወደ ቤቱ አልሄደም፤ እየተጎተተ ወደ ኡስታዝ ሚድሓት ሻይ ቤት አቀና።

የሚድሓት ሻይ ቤት በየዓመቱ ከባሕሪ ሰፈር ሻይ ቤት ጋር ቼዝ ይጋጠማል፤ አራት ለአራት። ዘንድሮ ከአራቱ ተጫዋቾች አንዱ፣ ልጁ ዘንድ ሊኖር እስክንድርያን ለቆ ካይሮ ስለገባ ወንበሩ ባዶ ቀረ። ሚድሓትም፣ "ረጀብና ዓም ሺሃታ ይጫወቱ፤ ያሸነፈ ይቀመጥበታል" ብሎ ፈረደ።

ረጀብ ስድስት ዓመት የጠበቀው ይህን ነበር። በነቢ ዳንያል መንገድ ካሉት አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ሽፋኑ የተገነጠለ የቼዝ መጽሐፍ ገዝቶ፣ በታጠፈ አንሶላ ላይ ሰሌዳ እየዘረጋ ብቻውን ተምሯል። ካውያው እስኪግል ትንሽ፣ ደንበኛ እስኪመጣ ትንሽ። የሚጋጠመው ሰው ስላልነበረ ነጩንም ጥቁሩንም የሚያንቀሳቅሰው ራሱ ነው። ነጭ ሲሆን ጥቁሩ የሚያስበውን ያውቃል፤ ጥቁር ሲሆንም እንዲሁ። የሚያታልለው ሰው የለም። አንዱ ወገን መውጫ ማጣቱን ሲያይ ሽንፈቱን ለመቀበል ንጉሡን አጋድሞ እንደገና ይደረድራል። ድካሙ ሲበዛበት "ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?" ይላል። እየተማረ ይሁን ዕድሜውን እየገደለ፣ ለይቶ የሚነግረው አልነበረም። ዛሬ ወንበሩን ካገኘ ያውቀዋል።

ትልቅ ትንሹ "ዓም" እያለ የሚያከብራቸው ሺሃታ ጡረታ የወጡ የትራም ትኬት ቆራጭ ናቸው። አንድም የቼዝ መጽሐፍ ገልጠው አያውቁም፤ ግማሹን የሚጫወቱት በአፋቸው ነው።

"መጣህ፣ ባለካውያው!" አሉት ገና ከበር ሲያዩት። "አደራህን፣ ንጉሤን እንዳታቃጥልብኝ።"

"ደህና ዋሉ፣ ዓም ሺሃታ?"

"ምን ደህንነት አለ! ዓይንህ ደም መስሏል፤ መጽሐፉ አላስተኛህም እንዴ?"

"ሥራው ነው።"

"ጉድ ፈላ! ደክሞህ ብትሸነፍ ምን ደስ ይለኛል? ደክሞህ ብታሸንፈኝማ ሰፈር ልቀይር ነው።"

ተጀመረ። ዓም ሺሃታ ብርጭቆው እስኪንቀጠቀጥ ሰሌዳውን እየመቱ ይጫወታሉ፤ በመሐል ሻይ ያዛሉ፣ አላፊ አግዳሚውን ሰላም ይላሉ። ረጀብ እንዳቀረቀረ ነው። ሰዓት ሳይሞላ በአንድ ወታደር በለጣቸው። ያንን ወታደር ወደፊት በገፋ ቁጥር የሽማግሌው ወሬ እየቀነሰ ሄደ።

"ዓም ሺሃታ፣ ባሕሪ የሚሄዱት ለማጨብጨብ ነው!" አለ ከጀርባ የቆመ አንዱ።

"አንተ ዝም በል፣ ሻይህን ሳትከፍል!"

ረጀብ ግንቡን አንቀሳቀሰ። እጁን እንዳነሳ አየው፤ የዓም ሺሃታ ፈረስ አንዴ ቢዘል ንጉሡንም ግንቡንም ባንዴ ይይዛል። ንጉሡ ሲሸሽ ግንቡ ይበላል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መጎተት ብቻ ነው። ዓም ሺሃታ ጸጥ ብለው ሰሌዳው ላይ አፍጥጠዋል። ረጀብ ያንን ጸጥታ ያውቀዋል፤ ወጥመድ ሲያይ እሱም እንደዚያ ነው የሚሆነው። ጉልበቱን ጠዘጠዘው። ንጉሡን በጣቱ አጋደመና እጁን ዘረጋ።

"ምነው? አመመህ?"

"አሸነፉኝ።"

"ማን? እኔ?"

"በፈረሱ" አለና ዝላዩን በጣቱ አሳያቸው።

ዓም ሺሃታ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አወረዱ። ፈረሱን አዩ፣ ንጉሡን አዩ፣ ግንቡን አዩ።

"ወላሂ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ እኮ ሽንፈቴን ለሚስቴ እንዴት እንደምነግራት ነበር የማስበው። ፈረሱ መኖሩንም ረስቼዋለሁ።"

ሻይ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "ይደገም!" አሉ አንዳንዶች። ሚድሓት ራሱን ነቀነቀ።

"ንጉሡን ካጋደመ አለቀ። ባሕሪዎች ቢሆኑ ያስደግሙን ነበር? ወንበሩ የዓም ሺሃታ ነው።"

ረጀብ ያየው ልክ ነበር፤ ያየው ግን እሱ ብቻ ነው። ስድስት ዓመት የተጋጠመው እሱ የሚያውቀውን ሁሉ ከሚያውቅ ሰው ጋር ነበር፤ ዛሬም ያንኑ ሰው በሽማግሌው ቦታ አስቀምጦ ተሸነፈለት። ልነሳ ቢል እግሩ እምቢ አለው።

"የት ልትሄድ ነው?" አሉ ዓም ሺሃታ።

"ለነገ የሚደርስ አርባ ሸሚዝ አለብኝ።"

"ሸሚዝ እግር የለው፣ አይሄድብህም! ሳላሸንፍ ወንበር አሸክመኸኝ አሁን ባሕሪ ሄጄ ልዋረድልህ? እኔ አንተ የምታየውን እሩቡን አላይም። አንተ ደግሞ ከማያይ ሰው ጋር መጫወት አትችልም። እስከ ጨዋታው ቀን እዚህ እየመጣህ እንማማር።"

መልስ ሳይጠብቁ ደርድረው ጨረሱ፤ ነጩን ለረጀብ አዞሩለት። ረጀብ ሸሚዞቹን አሰበ፤ መነሳቱ ከመጫወቱ ይልቅ ከበደው። አንድ ወታደር ገፋ። እንደለመደው የወዲያኛውን መልስ ማሰብ ጀመረና ተወው። ዓም ሺሃታ ጆሯቸውን እያከኩ ወደ መንገዱ ያያሉ፤ ምን እንደሚያመጡ አይታወቅም። ረጀብ እግሩን ከጠረጴዛው ሥር ዘርግቶ ጠበቀ።