ጅራት ያወጣው ድንጋይ

ያ ድንጋይ የሚዞረው በሳተርንና በኔፕቱን መካከል፣ ፀሐይ ለይስሙላ ብቻ በምትታይበት ዳርቻ ነው። ሴንቶር ከሚባሉት ወገን ነው፤ ግማሽ አስትሮይድ፣ ግማሽ ጅራታም ኮከብ። ድንጋዩን የሚያጠኑት ፕሮፌሰር ግን «ይሄኛው ደረቅ ነው፣ ጅራት አያወጣም» ብለው ጻፉ፤ ስማቸው የገነነውም በዚሁ ነው።

አንዲት ወጣት ተመራማሪ ያኔ ረዳታቸው ነበረች። አንድ ምስል ላይ በድንጋዩ ዙሪያ ጭጋግ ብታይ እየሮጠች ወሰደችላቸው። በሚሠሩበት የምርምር ጣቢያ የደበዘዘ ምስል ቆሻሻ ተብሎ ይጣላል። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩ፣ «የቴሌስኮፑን መስታወት በደንብ ብትወለውዪ ኖሮ ይሄ ባልመጣ። ምስሉን አጥፊው» አሏት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ከዚያ ወዲህ ስሟ «ወልዋይዋ» ሆኖ ቀረ። ሻይ ልትጠጣ ስትገባ ጨርቅ የሚያቀብላት አይጠፋም፤ ሰው መቼ ማላገጥ ይሰለቸዋል። አብራ ትስቃለች፣ ሆዷ ግን አሯል።

ደረቅ ከተባለ በኋላ ድንጋዩን ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ዘንድሮ የቴሌስኮፑ ተራ ሲደርሳት እሷ አየችው። ጥርት ያለ ጅራት አውጥቷል።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ግኝት ቀድሞ ላሳወቀ ነው። ዛሬውኑ ላኪው» አለቻት አብራት የምትሠራው ጓደኛዋ።

«ሰውዬው በሚቀጥለው ወር ሊሸለሙ አይደል? እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው የማሳያቸው።»

«ሌላ ሰው ቢቀድምሽስ?»

«ስንት ዓመት ማንም ያላየውን ዛሬ ማን ሊያየው» ብላ ምስሉን ቆለፈችበት።

በሽልማቱ ቀን አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ፕሮፌሰሩ አዲስ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው ስለ ደረቁ ድንጋይ ተናግረው ሲጨርሱ እጇን አወጣች።

«አንድ ምስል ላሳይዎት፣ ፕሮፌሰር?»

ጅራቱ ግድግዳውን ሞልቶ ታየ። «መስታወቱን ደጋግሜ ወልውያለሁ» አለች። ከኋላ አንዱ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ፊት ወንበሮች ተዛመተ። የፕሮፌሰሩ ፊት አመድ መሰለ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ወደ ወንበሯ ስትመለስ ጓደኛዋ ስልኳን ዘረጋችላት። ሌላ አገር ያለ ጣቢያ የድንጋዩን ጅራት ጠዋት አሳውቋል። ግኝቱ የእነሱ ነው።

ቆጫት፤ አልቆጫትም ቢባል ውሸት ነው። ቢሆንም ዓይኗን ከፕሮፌሰሩ አልነቀለችም። ከመድረኩ ወርደው በአጠገቧ ሲያልፉ መነጽራቸውን ኪሳቸው ሊከቱ ሲሉ አምልጧቸው እግሯ ሥር ወደቀ። ጎንበስ ማለት ከብዷቸው የሚያነሣላቸው ፍለጋ ሰው ሰው ያያሉ።

እግሯን እንኳ አላንቀሳቀሰችም።