ሚስማር ላይ የቀረው ቁጥር

1.
የአስራ አራት ብሎን መፍቻ ቁልፍ የለም።

2.
አትደንግጥ አንባቢዬ፣ ከመጀመሪያው ልንገርህ። አስር አለቃ እታፈራሁ ነኝ፤ የአየር ኃይል ስኳድሮናችን የጥገና መሣሪያ ቤት ጠባቂ። መካኒክ መሣሪያ ሲወስድ መለያ ቁጥሩ የተቀረጸበትን ናስ በመሣሪያው ሚስማር ላይ ያንጠለጥላል፤ ሲመልስ ቁጥሩን ይወስዳል። ሚስማር ላይ ቁጥር ካለ አውሮፕላን አይነሳም።

3.
የተንጠለጠለው ቁጥር፦ 31
ባለቤቱ፦ ሃምሳ አለቃ ጉርሜሳ

4.
አስራ አንድ ዓመት ሙሉ በመስኮቴ አጎንብሶ "እንዴት አደርሽ?" ሲለኝ ኖሯል። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቀጥኗል። ዘንድሮ ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ነገር ይረሳል።

እወደዋለሁ።

(ይህችን ልሰርዛት ነበር። ተውኳት።)

5.
ነፍሰ ጡሯ፣ ባለ አራት ሞተሯን የጭነት አውሮፕላን በሆዷ ትልቅነት እንዲህ ነው የምንላት፣ ለጎዴ የጎርፍ ተጎጂዎች መድኃኒት ጭናለች። ውስጧ ዘጠኝ ሰው አለ። በጥድፊያ ቆጠራዬን ሳትጠብቅ ተንቀሳቀሰች። ደህና ናት ብሎ የፈረመላት ጉርሜሳ ነው።

6.
ብደውል ጉርሜሳ ከሥራው ይወጣል። ባልደውልና ቁልፉ ሞተር ውስጥ ቢሆንስ?

7.
ደወልኩ።

8.
ከበረራ መቆጣጠሪያ ማማው ጋር የተደረገ ንግግር

እኔ፦ ነፍሰ ጡሯን አቁሟት!
ማማ፦ ማን ልበል? መንደርደሪያው ላይ ናት እኮ!
እኔ፦ እታፈራሁ ነኝ፣ ከመሣሪያ ቤት። ቁጥር ተንጠልጥሎ ቀርቷል።
ማማ፦ የማን ቁጥር?
እኔ፦ መጀመሪያ አቁሟት!
ማማ፦ እታፈራሁ! የማን?
እኔ፦ የጉርሜሳ።

9.
ነፍሰ ጡሯ ቆመች። ቁልፉ በሦስተኛው ሞተር ሽፋን ሥር ተገኘ።

10.
ከሰዓት ጉርሜሳ ወደ መስኮቴ መጣ። ይቆጣኛል ብዬ ፈርቼ ነበር።

"ዘጠኝ ሰው ልፈጅ ነበር፣ እታፈሬ" አለኝና አለቀሰ።

"ከአውሮፕላን ያርቁሃል እኮ።"

"ይገባኛል። እንዳለ ጻፊው። እንዳታለሳልሺልኝ አደራ።"

"ከዚያስ?"

አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገ። "መሣሪያ የማይወስድ ሰው እዚህ መስኮት ጋ መምጣት ይፈቀድለታል?"

"ደንቡን አይቼ እነግርሃለሁ" አልኩት። ደንቡን በቃሌ ነው የማውቀው፤ ስለዚህ ጉዳይ የሚለው ነገር የለም።

11.
ሪፖርቱን ሞላሁ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ጥፋቱን፣ ሁሉንም እንዳለ። አንድ መስመር ብቻ ቀረኝ። እሱ መስኮቱን ተደግፎ እጄን ያያል።

የሪፖርት አቅራቢዋ ከጥፋተኛው ጋር ያላት ግንኙነት፦