ዴራማን የነፈገው ዘር

ዴራማን ክፉ ሰው አልነበረም። ድግስ ላይ ቀድሞ የሚገኝ፣ ለቅሶ ላይ ጉድጓድ የሚቆፍር ሰው ነው። የዶሮ ነገር ሲነሳ ግን ሌላ ሰው ይሆናል።

ሴራማ የሚባለው የዶሮ ዘር ከእርግብ እምብዛም አይበልጥም፤ ኩራቱ ግን የንጉሥ ነው። ለውድድር ጠረጴዛ ላይ ሲያቆሙት ደረቱን እስከ አገጩ ይነፋል፣ ክንፉን ቀጥ አድርጎ ወደ መሬት ይጥላል። በቱምፓት ከተማ ዙሪያ ባሉ መንደሮች የዴራማንን ዶሮዎች የሚያህል ደረት ያለው አልነበረም። አባቱ ዘሩን ዕድሜውን ሙሉ ሲመርጥ ኖሮ ለሱ አወረሰው፤ እሱም ከቤቱ ምሰሶዎች ሥር ባንጠለጠላቸው የቀርከሃ ጎጆዎች ውስጥ ጥቂቶቹን ብቻ እየመረጠ ያረባል። ጫጩት የጠየቀውን ሰው፣ "ልጄን ዛይቶንን ጠይቀኝ፣ እሷን እድርልሃለሁ" ይለዋል። ሰው ይስቃል። እሱ ግን የምሩን ነበር።

እንቁላል ግን ይሸጣል፤ ጭራሽ እምቢ ቢል ስሙ ይጠፋላ! ታዲያ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። ከመሸጡ በፊት ፍል ውኃ ውስጥ ነከር አድርጎ ያወጣቸዋል። አይበስሉም፣ አይሰነጠቁም፤ ውስጣቸው ያለችው ነፍስ ግን ትወጣለች። ገዢው አስታቅፎ፣ ጠብቆ፣ ጠብቆ ይመጣል።

"ጋሼ ዴራማን፣ አንድም አልተፈለፈለም እኮ!"

"መንገዱ ነው። አውቶቡሱ አናውጦት ነው።"

ጎረቤቱ ሌህ እንኳ፣ እንቁላሉን በእጁ ይዞ አጥር ብቻ የተሻገረው ሌህ፣ ደጋግሞ ከከሰረ በኋላ "የኔ እጅ ርጉም ነው" ብሎ ዶሮ ማርባቱን እርግፍ አድርጎ ተወ። ዴራማንም ሻይ ጋብዞ አጽናናው። አይ ሰው!

ከዚያ የወፍ በሽታ ገባ። ነጭ ልብስ የለበሱ ሰዎች መጡና በአካባቢው ያለ ዶሮ ሁሉ ይገደል ተባለ። የዴራማን ዶሮዎች አንዳቸውም አላስነጠሱም።

"ልጄ፣ አንድ ወንድና ሁለት ሴት ብቻ ተውልኝ" ብሎ ከነጭ ለባሾቹ ከአንዱ ወጣት እግር ሥር ወደቀ። "ጤነኞች ናቸው፤ እያቸው!"

"አባባ፣ ይነሱ እባክዎ። ትእዛዝ ነው።"

"ያዘዘህ ሰው ሴራማ አይቶ ያውቃል?"

ወጣቱ እጁን ወደ ጎጆው ሰደደ። አውራውን ዶሮ ሲያወጣው፣ ምስኪኑ የውድድር ጠረጴዛ ላይ ሊያቆሙት መስሎት ደረቱን ነፋ። እንደነፋ ጆንያ ውስጥ ገባ። ሁሉንም ከኮኮናት ዛፎቹ ጀርባ ኖራ ነስንሰው ቀበሯቸው።

ዴራማን እህል እምቢ አለ። መሰላሉ ላይ ተቀምጦ ባዶ ጎጆ እያየ "አባቴን ምን እለዋለሁ?" ይላል። ሚስቱ ሜክ ሶም የያዘችውን ምስጢር ጫጩት እስኪፈለፈል ልትደብቀው አስባ ነበር፤ አንጀቷ አልቻለም።

"የዛይቶን አባት፣ ተነስ። ዘርህ አልጠፋም።"

"አትቀልጂብኝ።"

"አራስ ልጠይቅ ጉዋ ሙሳንግ ከተማ የሄድኩ ጊዜ፣ ለወንድሜ ለጁሶህ እንቁላል ይዤለት ሄጃለሁ። ስንት ዓመት ለመነህ! እምቢ ስትለው ሰረቅኩህ። አዎ፣ ሰረቅኩህ! ዶሮ ታቅፋቸዋለች፤ በሽታው እዚያ አልደረሰም። በዚህ ሳምንት ይፈለፈላሉ።"

ዴራማን ብድግ ብሎ እጇን ያዘ። እያለቀሰ ሳቀ። "ሌባ! አንቺ የኔ ሌባ!" ሩዝና ዓሣ አቀረበችለት፤ እንደ ልጅ እየተስገበገበ ጎረሰ፣ ደግሞም ጎረሰ። ከዚያ እጁ ቆመ።

"ከየት ነው ያነሳሻቸው?"

"ከቅርጫቱ ነዋ፤ ለኢፖ ከተማው ነጋዴ ልትሸጥ ካዘጋጀኸው። ከጎጆው ባነሳማ ታውቅብኝ የለ?"

የያዘው ጉርሻ ሳህኑ ላይ ወደቀ። ነገራት። መጀመሪያ "የምን ፍል ውኃ?" አለች። ሲገባት ዞራ ወደ ሌህ ቤት አየች።

"ሌህንም?"

"ሌህንም።"

ሜክ ሶም አልጮኸችም። ሳህኑን ከፊቱ አነሳችና በምትኩ ስልኩን አስቀመጠችለት። "ለጁሶህ ደውልለት። ዶሮዋ እንኳ በከንቱ ታቅፋ አትራብ።"

ጁሶህ ገና ድምፁን ሲሰማ ፈነደቀ። "ጋሼ ዴራማን! ዛሬ ነገ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ! የመጀመሪያው ወንድ ያንተ ነው፣ ወላሂ! ዘርህን አድነንልሃል!"

"ጁሶህ... ዶሮዋን አንሳት። እንቁላሎቹን ጣላቸው።"

"ምን?"

"አይፈለፈሉም። ጣላቸው።"

የጁሶህ ድምፅ ሻከረ። "አይ አንተ! የራስህ ሁሉ አልቆም? እኔ ቤት ከሚፈለፈል ከምድር ላይ ቢጠፋ ትመርጣለህ?"

"አይደለም፣ ስማኝ፣ እኔ ራሴ ነኝ..."

"ተወኝ! ንፉግ! እኔ እንደሆንኩ አልጥላቸውም!" ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋበት።

"ደግመህ ደውል" አለች ሜክ ሶም።

ደወለ። በማግስቱም ደወለ፤ ከዚያ በኋላም ደወለ። ጁሶህ ግን አላነሳም። ዴራማን ሰው ልኮ እንዳያስወስድበት ፈርቶ፣ ዶሮዋን ከነእንቁላሎቿ መኝታ ቤቱ አስገብቶ እየጠበቃት ነበር።