ከጅረቱ ዳር የተነቀለው ቢጫ ሥር

ሆበርት ለካንሰሩ የሚወስደው መድኃኒት አፉን አቆሰለው። ምላሱም ድዱም ተልጦ ውሃ መዋጥ እንኳ እንደ እሳት ያቃጥለው ነበር። ሚስቱ አርቬላ ጨንቋት ጓደኛዋን ሎዲማን ጠራቻት።

ሁለቱ ሴቶች በኬንታኪ ተራሮች መሃል በአንድ ሸለቆ አብረው ያደጉ ናቸው። አንዷ ስታምጥ ሌላዋ ናት እጇን የያዘቻት። ሎዲማ ከእናቷ በወረሰችው መሬት፣ ጅረቱ ዳር፣ ቢጫ ሥር የሚሉት ቁጥቋጦ ይበቅላል። ሥሩን ቆፍራ፣ አጥባና ቀቅላ ውሃውን በጠርሙስ አመጣችለት።

«ኧረ መረረኝ! ልትገድይኝ ነው እንዴ?» አለ ሆበርት ፊቱን አጨማዶ።

«ተጉመጥምጠህ ትፋው እንጂ ማን ጠጣው አለህ? አንተ ሽማግሌ ሕፃን!»

እያደር ቁስሉ ጠገገ። የበቆሎ ዳቦ በወተት አርሶ የበላ ዕለት አርቬላ ሎዲማን አቅፋ አለቀሰች።

«ቦታውን አሳይኝ በቃ፤ ሁልጊዜ አንቺን ማስቸገር አሳፈረኝ» አለቻት።

ሎዲማ ለልጆቿ እንኳ ያላሳየችውን ቦታ አሳየቻት። «ከዚህም ትንሽ ከዚያም ትንሽ ቆንጥሪ፤ የቀረው ያቆጥቁጥ» ብላ አደራ ሰጠቻት።

በጸደይ ወደ ጅረቱ ስትወርድ ግን ዳርቻው በአካፋ ተገልብጦ፣ አንድም ቁጥቋጦ ሳይቀር ተነቅሎ አገኘችው። በቀጥታ ወደ አርቬላ ቤት ሄደች። በረንዳው ላይ፣ በቆርቆሮ ላይ ተሰጥቶ፣ ቢጫው ሥር ፀሐይ ይሞቃል።

«ሥር የሚገዛ ነጋዴ መጥቶ ነው» አለች አርቬላ ቀና ሳትል። «ሥር አይደል እንዴ? ይበቅላል።»

«ምናለ ብትጠይቂኝ?»

«እምቢ ትይኝ ነበራ! እሱን ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩሽ።»

አርቬላ አውቃ እንዳደረገችው በገዛ አፏ መናገሯ ሎዲማን ከመነቀሉም በላይ አንገበገባት።

ሆበርት በሩን ተደግፎ ብቅ አለ። «ሎዲማ ፈቅዳልኛለች አላልሽኝም?» አላት ሚስቱን። አርቬላ ሥሩን ማገላበጧን ቀጠለች።

ወደ ሎዲማ ዞሮ «ይቅር በይኝ እህቴ፤ እኔ ምንም አላወቅሁም» አለና በዚያ አቅሙ ቁጭ ብሎ ገና ያልደረቀውን፣ ቡቃያ ያለውን ሥር ይለቅምላት ጀመር። የደረቀውንም በሙሉ በከረጢት ሞልቶ አስረከባት። አርቬላ እጇን አጣምራ ቆማ ከማየት በቀር አንዱንም አላነሳችም።

ሎዲማ የዚያኑ ቀን ከሰዓት ርጥቡን ሥር መልሳ ተከለችው። ጥቂቱ ያዘ፤ የሚበዛው በሰበሰ።

ከደረቀው እየቀቀለች ዛሬም ለሆበርት ትወስድለታለች። በር የሚከፍትላት ራሱ ነው። አርቬላ ከጓዳ ስትንጎዳጎድ ይሰማታል፤ ግን አትጠራትም፣ አርቬላም አትወጣም።