ሠላሳ ቀን ሳይነካ

የነፋስ ተርባይኖቻችንን የሚያዘው አዲሱ ኮምፒውተር “ተማሪው” ይባላል። ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ፤ ክንፉ መቼ ወደ ነፋሱ እንደሚዞር፣ መቼ እንደሚሸሽ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን እያየ የተማረ ነው። እውነቱን ለመናገር ጎበዝ ነው። እሱ ከመጣ ወዲህ የምናመነጨው ኃይል ከመቶ ስምንት ጨምሯል። እኔን ግን ጠምዶ ይዞኛል።

ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ቁርጥ አድርገው ነግረውኛል። የኔ እጅ ሳይነካው ሠላሳ ቀን ከሠራ፣ ባለቤቴና ልጄ ወዳሉበት ከተማ እዛወራለሁ። አንዴ ከነካሁት ቆጠራው እንደ አዲስ ይጀምራል። እስካሁን አምስቴ ጀምሯል።

ትናንት ሃያ ስምንተኛው ቀን ነበር። ከሰዓት በኋላ የደቡቡ ነፋስ ድንገት ተነሳ። የሦስተኛው ተርባይን ፍጥነት ቀዩ መስመር ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው፤ ተማሪው ክንፉን አይመልስም። እጆቼን ብብቴ ውስጥ ሸጎጥኩ። አምስት ሰከንድ ቻልኩ። ከዚያ ክንፉ ተገንጥሎ ሲወድቅ ታየኝና የመመለሻውን ቁልፍ ተጫንኩት። ምን ያሳፍረኛል፣ አለቀስኩ።

ተማሪውን የሠራችው ወጣት ኢንጂነር ዛሬ መጥታ መዝገቡን ስታገላብጥ አረፈደች። በመጨረሻ ወንበሯን ወደኔ አዞረች።

“ጋሼ፣ ሰንፎ አይደለም። በደቡብ ነፋስ እስከ መጨረሻዋ ሰከንድ ኃይል ይሰበስባል፤ ክንፉ ሁሌም ስለሚተርፍ። የሚያተርፉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። ይሄንንም አብሮ ተምሮታል።”

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ ማሽኑ እንኳ የሚያውቀውን ጉዴን የሰማሁት መጨረሻ ላይ ነው።

ምን እንደሚሻል ጠየቅኳት። አንድ ጊዜ ክንፉን ሰብሮ ቢያየው ይማር ነበር አለች፤ ይሰበር ብሎ የሚፈርም ግን የለም። ካልሆነ የኔን እጅ ከመዝገቡ አውጥታ ከሀሁ ልታስጀምረው ነው። ሌላ ሁለት ዓመት።

በምሳ ሰዓት ባለቤቴ ደወለች። ሁሉንም ነገርኳት፣ ሁለት ዓመቱንም ጭምር። ትቆጣለች ብዬ ነበር፤ አልተቆጣችም።

“በቃ ተወው” አለችኝ። “ልጅህም እኮ በር ሲንኳኳ መሮጥ ትታለች።”

ወዲያው የሦስተኛው ተርባይን ማስጠንቀቂያ ጮኸ። ስልኩን ሳልዘጋው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቁልፉን ተጫንኩት።