የተለቀለቀው መታጠፊያ

የሱፍ ጎረቤቴ ነው። ሸማኔ ቤት ተወልዶ አስመራ ጋራዥ ውስጥ ያደገ፣ የእሽቅድምድም መኪና ሞተር የፈታ ሰው ነው፤ በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚነግረኝ አልጠራጠርም። በ1973 ዓ.ም. አርብ ገበያ በምትባለው ከተማችን የነበረው ሀብት ግን አንዲት ሸራ ለባሽ ላንድሮቨር ነበረች፤ ጎማዎቿም እንደ እኔ አናት ተመልጠዋል። በዚያ ዘመን አዲስ ጎማ በገንዘብም አይገኝም። እነዚያ ካለቁ መኪናዋ የዶሮ ማደሪያ መሆኗ ነው።

ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ «ለገበሬ ማኅበሩ በዓል የመኪና ውድድር አለ፤ ያሸነፈ አራት አዲስ ጎማ ይሸለማል» ሲባል የሱፍ ምሳውን ትቶ ተነሣ። ሌላው ተወዳዳሪ ክንዴ የሚባል የመሥሪያ ቤት ሾፌር ብቻ ነው፤ የመኪናው ወንበር ገና ፕላስቲኩ አልተላጠም።

በማግስቱ የሱፍ ከሚስቱ ከአሲያ ልቃቂት ላይ ፈትል ስንዝር ስንዝር እየቆረጠ ላንድሮቨሯን ከአፍንጫ እስከ ጅራት ለጠፈባት።

«ምነው የሱፍ፣ ጸጉር አበቀለች እንዴ?» አልሁት።

«ሳቅ አንተ። ግን ግባ። እኔ ስነዳ በመስኮት ወጥተህ ፈትሉ ወዴት እንደሚተኛ ንገረኝ።»

ግማሽ ገላዬን አውጥቼ አቧራ እየቃምሁ አየሁለት። የፊተኛው ፈትል ወደ ኋላ ተኝቷል፤ ከሸራው ጀርባ ያለው ግን ቆሞ ይሽከረከራል፣ አንዳንዱም ወደ ፊት ይመለሳል።

«አየህ? ነፋሱ እዚያ እየዞረ ይጎትተኛል። ከጎን ሲመጣ ደግሞ ሸራው ይነፋና መሪውን ይነጥቀኛል» አለ። ሸራውን ከነብረቱ አወለቀ፤ የፊት መስታወቱን አጥፎ ኮፈኑ ላይ አስተኛው። መኪናዋ የተሸለተች በግ መሰለች።

መንገዱ ደግሞ እንደ ቆርቆሮ የተሸነሸነ ነው። የጎማዎቹን አየር ጥቂት አስተነፈሰ። «የጠጠረ ጎማ ይዘላል፤ የላላው ግን መሬት ይጨብጣል» አለኝ።

በዋዜማው መንገዱን በእግሩ ሲያይ ተከተልሁት። ከመድረሻው በፊት ካለው መታጠፊያ ስንደርስ ቀጥ አለ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር አለበል «ቦታው ይስተካከል» ብሎ ገበሬውን አዝዞ ነበር። ገበሬው ደግሞ ማስተካከል የሚያውቀው አውድማ ነው፤ ጠርጎ፣ ደልድሎ፣ በእበት ለቅልቆታል። እህል ቢወቃበት አንዲት ፍሬ አትጠፋም።

የሱፍ በተረከዙ ፈተገው። «ጠዋት ጤዛ ሲነካው ሳሙና ነው።»

አለበል ዘንድ ሄድን። «ጓድ ሊቀ መንበር፣ ጠጠር ይበተንበት።»

«አርባ ሰው የደከመበትን? እንግዳ ይመጣል እኮ! ያማረውን አላስነካም።»

የሱፍ አላረፈም፤ ክንዴን ፈልጎ አገኘው። «ልጄ፣ መታጠፊያው ላይ ለስላሳውን አትርገጥ። የውጪውን ጠጠር ያዝ።»

«ጋሼ የሱፍ፣ ለስላሳውን ለራስዎ ፈልገውት ነው?» ብሎ ሣቀ።

በውድድሩ ጠዋት ከመነሻው ሲነሡ ክንዴ ቀደመ። ሜዳው ላይ ግን የጎን ነፋስ ቤት የምታህለውን መኪናውን ይገፋት ጀመር፤ ሽንሽኑ መንገድም እያዘለለ አዘገያት። የሱፍ ዝቅ ብሎ፣ ጥርሱን ነክሶ ተጠጋው። መታጠፊያው ላይ ሲደርሱ በመካከላቸው ሃያ እርምጃ አይሞላም።

ክንዴ አውድማው ላይ ገባ። መኪናው አንዴ ዞረች፣ ፊቷን ወደ መጣችበት አደረገች፣ ከዚያም በጀርባዋ የጭድ ክምር ውስጥ ተወሸቀች። የሱፍ ውጪውን ያዘ። ጠጠሩ ያንገጫግጨዋል፣ የላንድሮቨሯ ጅራት ይሸሻል፤ እሱ ፍሬን ሳይነካ መሪውን አንቆ አለፈ። ካለፈ በኋላ ግን አቆመ።

«ክንዴ! ደኅና ነህ?»

አንድ እጅ ከጭዱ ወጣ። «ሂዱ! ሂዱ እንጂ ጋሼ!»

ሄደ፤ አሸነፈም። አለበል ከንግግሩ መሃል «አሸናፊውም ንግግር ያድርግልን» ሲል የሱፍ አራቱን ጎማዎች አንድ በአንድ በእጁ ዳስሶ፣ «ጓድ፣ ንግግሩን እርስዎ ይቀጥሉ። እኔ ነገ ወደ መካነ ኢየሱስ የማደርሰው ተሳፋሪ አለብኝ» ብሎ መኪናዋን እዚያው በክሪክ አነሣት። ክንዴም ጭዱን ከጸጉሩ እያራገፈ መጣና የአሮጌዎቹን ጎማዎች ብሎን ይፈታለት ጀመር።