የእንግዳ ቦርሳ

ሐዋ ሰው አታምንም። ይህን የምለው ላማት አይደለም፤ መርካቶ ውስጥ ፕላስቲክ ዕቃ እየቸረቸሩ፣ የቀበሌ ቤት እየኖሩ ሰው ማመን ከየት ይመጣል? ቀበሌው ወረዳ ከተባለ ወዲህማ ባሰባት። ለእሷ "ለጥናት ነው" ብሎ በር ያንኳኳ ሁሉ ቤት ሊያፈርስ የመጣ ነው። "ለልማት ነው" ያለ ደግሞ ማፍረስ ጀምሯል።

ቤቷ ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ናት፤ መሐሏ በኮምፔርሳቶ ተከፍሏል። ከኮምፔርሳቶው ወዲያ የሻሽወርቅ ትኖራለች። በልጅነቷ ለጥቂት ሳምንት ተብላ ገብታ፣ ፀጉሯ እስኪሸብት እዚያው ቀረች። አርብ አርብ ሰጋጁ እስከ ደጃፋቸው ሲሞላ በማንቆርቆሪያ የውዱእ ውሃ የምታቀርበው እሷ ናት። ሐዋም በሁዳዴ ሥጋ የነካ ድስት ወደ የሻሽወርቅ ወገን አታስጠጋም። እህትማማች ቢሏቸው ያንስባቸዋል። ወረዳው ግን በሌላ ስም ነው የሚያውቃቸው። የኪራይ ውሉ በሐዋ ስም ስለሆነ የሻሽወርቅ "ደባል" ናት፤ ደባል ማስገባት ደግሞ ቤቱን ያስነጥቃል።

ለዚህ ዘዴ ነበራቸው። ከበሩ ኋላ ሚስማር ላይ አሮጌ ጨርቅ የታጨቀበት ቦርሳ ተንጠልጥሏል። የወረዳ ሰው ሲመጣ የሻሽወርቅ ነጠላዋን ትለብስና ቦርሳውን ጭኗ ላይ አድርጋ በርጩማ ላይ ትቀመጣለች። ሐዋ የማርያምን ሥዕል ከግድግዳው አውርዳ አልጋ ሥር ትሸጉጣለች። "ዘመዴ ናት፤ ልትጠይቀኝ መጥታ ነው" ትላለች፤ ሌላ ቃል አትጨምርም። ሰዎቹ ሲሄዱ ሁለቱ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። የሻሽወርቅ ቦርሳውን እስክታወርድ፣ ሥዕሉም አልጋ ሥር እስኪገባ ሐዋ እያሳለች ጊዜ ገዛች። ከዚያ ከፈተች። ደጅ የቆመችው ደብተር የያዘች ቀጭን ወጣት ናት።

"ሰሀር እባላለሁ፤ ከአንድ ማኅበር ነው የመጣሁት። ትንሽ ላስቸግርዎት ነበር፣ እትዬ።"

"የምን ማኅበር?"

ልጅቷ ወዲያና ወዲህ አየች። ሐዋ ይህን መገላመጥ ልብ አለች፤ አልወደደችውም።

"መንግሥት ከሌሎች አገሮች ጋር የፈረመው ስምምነት አለ፤ ሕዝቤ መጠለያ፣ ውሃ፣ ጤና እንዲያገኝ አደርጋለሁ ብሎ። ቃሉን ጠብቋል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ኮሚቴ ጄኔቫ ተቀምጧል። መንግሥት የራሱን ሪፖርት ይልካል፤ እኛ ደግሞ ከነዋሪው የሰማነውን እንልካለን።"

ጄኔቫ! ሐዋ በሆዷ ሳቀች። የወረዳ ሰላይ ድሮ ከውሃና ፍሳሽ ነኝ ይል ነበር፤ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ተሻግሯል። መንግሥትን የሚቆጣጠር ሰው እኔ ደጃፍ ምን ይሠራል? መንግሥት ዘንድ አይሄድም?

"ውሃ ይመጣል?" ጠየቀች ልጅቷ።

"ምን ሆኖ ይቀራል!" አለች ሐዋ፣ ከኋላዋ የተደረደሩትን ጀሪካኖች በቀሚሷ እየከለለች።

"የጋራ ሽንት ቤቱስ?"

"ጽድት ያለ ነው።" ነፋሱ ግን ወደ እነሱ እየነፈሰ ነበርና ሁለቱም አፍንጫቸውን አሹ።

ሰሀር ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። "አካባቢው ይነሳል እየተባለ ነው። ቤቱ ቢፈርስ ምትክ የማያገኝ፣ ውል የሌለው ሰው አብሮዎት ይኖራል? ኮሚቴው አጥብቆ የሚጠይቀው የእነዚህን ሰዎች ነገር ነው።"

የሐዋ ደም ፈላ። ሰሞኑን ሰፈሩን ያመሰ ወሬ ነበር፤ ደባል የተገኘበት ሰው ምትክ ቤቱን ከደባሉ ጋር ለሁለት ይካፈላል የሚል። ወሬው እንቅልፍ ነስቷታል። ይሄው፣ መጡ! አለች በልቧ።

"ማንም የለም!" ብላ ጮኸች። "ይቺ ነገ ሂያጅ ናት። ቤቱ የእኔ፣ ምትኩም የእኔ! የእሷ የሚባል እዚህ ቤት ውስጥ ስንጥር የለም!"

በርጩማው ላይ የተቀመጠችው የሻሽወርቅ ቀና አለች። ሐዋ አላየቻትም፤ ዓይኗ ልጅቷ ላይ ነበር።

ሰሀር አመስግና ወጣች። ሐዋም ሻርፗን ጣል አድርጋ ከኋላዋ ተከተለቻት። ወረዳው ግቢ ስትገባ በዓይኗ በብረቱ ማየት አለባት። በቅመም ሱቆቹ አልፈው፣ በተሸካሚ እየተገፉ፣ እየተሹለከለኩ መሳለሚያ ደረሱ። ወረዳው ግቢ የሚያስገባው ቅያስ ግን ታልፏል፤ ልጅቷ ዞር ብላም አላየችው።

ታክሲ ተራው ጋ ስትደርስ አንድ ሰው መንገድ ዘጋባት። ጠይብ ነው፤ የሰፈሩ የአንድ ለአምስት ጠርናፊ። ማን ቤት እንግዳ እንደገባ ከባለቤቱ ቀድሞ ለወረዳው የሚያደርስ።

"ቤት ለቤት ስትዞሪ ነበር። ማን ፈቅዶልሽ ነው? ምን ስትጠይቂ?"

ሰሀር ደብተሩን ከጀርባዋ ደበቀች። "ምንም... ዘመድ ልጠይቅ ነው የመጣሁት" አለች።

ሐዋ ክው አለች። የራሳቸው ውሸት ናት! ስንት ዓመት የተናገሯት፣ ያቺው ቃል። ልጅቷ ፊት ላይ ያለውም ፍርሃት የሻሽወርቅ በርጩማው ላይ ስትቀመጥ የሚታይባት ፍርሃት ነው። ይቺ ልጅ የወረዳ አይደለችም። አፈረች፣ እውነቱን ለመናገር በጣም አፈረች።

"ጋሼ ጠይብ፣ የእኔ እንግዳ ናት" አለች መሃል ገብታ። "ልትጠይቀኝ መጥታ ነው። ምነው፣ ዘመድም በፈቃድ ሆነ?"

ጠይብ አንዴ አንዷን፣ አንዴ ሌላዋን አየ። አላመነም፤ ግን መንገዱን ለቀቀ።

"ነይ እንመለስ" አለች ሐዋ ክንዷን ይዛ። "ዋሽቼሻለሁ። ውሃው አይመጣም፤ ሽንት ቤቱም ሞልቶ ፈሷል። ያቺ ያየሻትም እንግዳ አይደለችም። ዕድሜዋን እኔ ጋ ፈጅታ፣ ቤቱ ሲፈርስ ሜዳ ላይ የምትቀር ናት። እሷን ጻፊልኝ።"

በሩን ስትከፍት የሻሽወርቅ እዚያው በርጩማ ላይ ናት፤ ነጠላዋን እንደለበሰች፣ ቦርሳውን እንዳቀፈች። ሐዋ ሳቀች።

"ኧረ ልቀቂው! የወረዳ አይደለችም፣ ደህና ልጅ ናት። ንገሪያት በቃ፣ ሁሉንም ንገሪያት።"

ሰሀር ጎንበስ አለች። "እትዬ፣ እዚህ ቤት ብዙ ዘመን ኖረዋል?"

"እኔ? እንግዳ ነኝ። ነገ ሂያጅ።"

"የሻሽዬ፣ ቀልዱ ይቅር..."

"ምን ቀልድ አለው?" አለች የሻሽወርቅ። ዓይኗ ደርቋል። "አንቺው ነገርሻት። ብቻሽን ስትይው አልበቃ ብሎሽ በእኔም አፍ ልታስደግሚው መለስሻት? ልበልልሽ እንግዲህ። የእኔ የሚባል ስንጥር እዚህ ቤት የለም።"

"ለማዳን ብዬ እኮ ነው!"

"እስከ ዛሬ አዎ። ዛሬ ግን አነጋገርሽን ሰምቻለሁ።"

ሐዋ ነገሩን በሳቅ ልትዘጋው ፈለገችና እንደ ወትሮው ቦርሳውን ሚስማሩ ላይ ልትሰቅል ከየሻሽወርቅ ጭን ላይ ነጠቀች። ክንዷ ቁልቁል ወረደ። ቦርሳው ከብዷል። ዚፑ አልገጠመም፤ ባልገጠመው በኩል የማርያም ሥዕል ክፈፍ ጠርዝ ወጥቶ ይታያል። አሮጌዎቹ ጨርቆች አልጋው ላይ ታጥፈው ተቀምጠዋል።

ሰሀር ብዕሯን ይዛ መልስ ትጠብቅ ነበር።